«ግን»ን ያባረሩ ሽኮኮዎች

ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ ዐለት ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ሰዎቹ ዱቡሻ ወደሚሉት መሰብሰቢያቸው ወጥተው ሲመክሩ፣ ሽኮኮዎች ከዐለቱ ስንጥቅ ሆነው ያዳምጣሉ። ሲያዳምጡ ኖረው እነሱም የራሳቸውን ዱቡሻ አቆሙ፤ ሃላቃ የሚሉትን መሪም ሾሙ።

ያስቸገራቸው «ግን» ነበር። አንዱ «የታችኛው ሣር ለምልሟል» ሲል ሌላው «ግን ውሻ አለበት» ይላል፤ ሦስተኛው «ግን ውሻው አርጅቷል» ይላል። እንዲህ እየተባለ ይመሻል። አንድ ቀን ሃላቃው ትዕግሥቱ አለቀና «ከዛሬ ጀምሮ ‹ግን› ከዱቡሻችን ተባሯል! ነገርና ነገር የሚያያዘው በ‹እና› ብቻ ነው!» ሲል አወጀ። ስብሰባው አጠረ። ሁሉም ተስማምቶ ወደየዋሻው መግባት ጀመረ።

አንድ ረፋድ ላይ ዘበኛው ከዐለቱ ጫፍ ተጣራ፦ «ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች፤ እና ጥላ አለፈ!»

ሽኮኮዎቹ የሰሙት ሙቀቱን ነው። ወጥተው ተንጋለሉ። ጥላው የንስር ነበርና አንድ ግልገል ነጥቆ ሄደ።

ዱቡሻው ታመሰ። ግማሹ «መች አስጠነቀቅኸን?» ብሎ በዘበኛው ላይ ተነሣ፤ ግማሹ «አፉን የለጎምከው አንተ ነህ!» ብሎ በሃላቃው ላይ። ጥርስ ለጥርስ ሊያያዙ ሲሉ አንዲት አሮጊት ሽኮኮ እርጥብ ሣር ነጭታ መሐላቸው ተንበረከከች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ በቁጣ የገነፈሉ ወጣቶችን እንዲህ ተንበርክከው እንዳበረዱ ሰምታ ነበር። ሁሉም ዝም አለ።

«ከዋሻዬ በላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ አለ» አለች። «ሰባት ትናንሽ ቃላት ሲደጋግም ይውላል፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ ዬት፣ ሶ። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲያጣምሩ ሁለቱም ብቻቸውን መቆም የሚችሉ ናቸው አሉ፤ አንዱ የሌላው ጥገኛ አይደለም። ከቃሉ በፊት ደግሞ ነጠላ ሰረዝ አለች። ልጁ እሷ ጋ ሲደርስ ትንፋሽ ይወስዳል። እኛ ያጣነው ያቺን ነው፤ የፊተኛው ቃል ሳይቆም ሁለተኛውን እንወረውርበት ነበር።»

«‹በት› የሚሉት ማነው፣ እማማ?» አለ ሃላቃው።

«ያባረርከው ነዋ!»

ዛሬም በረፋድ ዘበኛው «ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች፣» ይልና ትንፋሽ ይወስዳል። ያን ጊዜ የኦቾሎ ሽኮኮ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።