ከአውሮፕላን ሆድ ሥር

የሚስቴ ወንድም አንድ ነገር ካሰበ አይመለስም፤ በተለይ ያሰበው ነገር ገንዘብ የሚያተርፍ ከመሰለው። አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ላስ ቬጋስ መጥተው የሐምሌ ሙቀት ሲያንገበግባቸው፣ ሎስ አንጀለስ ወስደን ባሕር ዳር እናሳርፋቸው የሚለው ሐሳብ የሁላችንም ነበር። አርቪ እንከራይ የሚለው ግን የእሱ ብቻ ነው። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቶ አመጣ። አርቪ ቤትም ነው፣ መኪናም ነው፤ ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ አለው፣ መጸዳጃ አለው። «ሆቴል ውስጥ ሽሮ ማንተክተክ ይቻላል?» ብሎ ሲጠይቅ አማቴ ከጎኑ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ እኔና ባለቤቴን ማን ይሰማናል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ እስከ 40 ጫማ የሚረዝም አርቪ በተራ መንጃ ፈቃድ መንዳት ይቻላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የሚስቴን ወንድም ሲነዳ አላዩትም። ቤከር ከተማ ላይ ቆመን ዝነኛውን ቴርሞሜትር አሳየናቸው፤ ቁመቱ 134 ጫማ ነው፣ በ1913 ዴዝ ቫሊ ላይ የተመዘገበውን 134 ዲግሪ ፋራናይት ለማስታወስ። አማቴ ቀና ብለው አዩትና «ሙቀቱ አንሷቸው ሐውልት አቆሙለት?» አሉ። ካሆን ፓስን ስንወርድ ነፋሱ ያንን ሁሉ ቆርቆሮ ከመንገዱ ሊገፋው ሲታገል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ነበር፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ድጋሙን ግን ለእሳቸው ተውኩት።

ያረፍነው ዶክዋይለር በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ካውንቲው በሚያስተዳድረው የአርቪ ፓርክ ነው። በር ከፍተህ ጥቂት ከተራመድክ እግርህ አሸዋ ይረግጣል፣ ፊት ለፊትህ ሰላማዊ ውቅያኖስ ተዘርግቷል። ማሊቡ ላይ ለባሕር ይህን ያህል የቀረበ ቤት ያለው ሰው ስሙ ፊልም ላይ የሚጻፍ ነው። ታዲያ ይሄ ቦታ ለእኛ ቢጤ እንዴት ተረፈ? መልሱ ገና ሞተር ሳናጠፋ በአናታችን ላይ እያጓራ አለፈ።

የሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ አራት ጎን ለጎን የተዘረጉ መንደርደሪያዎች አሉት፤ አውሮፕላኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ነው። ዶክዋይለር ያለው ልክ በሆዳቸው ሥር ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የከተማውን ፍሳሽ የሚያጣራው ሃይፐርየን ይታያል፤ በ2021 ሞልቶበት ብዙ ሚሊዮን ጋሎን ያልተጣራ ፍሳሽ ባሕር ውስጥ የለቀቀው። አጠገቡ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ፣ ዝቅ ሲሉ ኤል ሴጉንዶ ላይ ከ1911 ጀምሮ የሚሠራ የነዳጅ ማጣሪያ። እኔ እንደማየው ከሆነ ይህንን ዳርቻ ለተራ ሰው ያቆዩለት ጫጫታውና ሽታው ናቸው። ጸጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ታጥሮ በሩ ላይ ዘበኛ ይቆም ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ፣ ፓሲፊካ ያለው የአርቪ ፓርክም ውቅያኖሱ እየቦረቦረ በሚበላው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሀብታም የሸሸውን መሬት ነው የሚያከራዩን፤ እኔ በበኩሌ ቅሬታ የለኝም።

ልጄ ስልኩ ላይ የሚነሡትን አውሮፕላኖች መድረሻ የሚናገር ነገር ነበረው። ቶኪዮ፣ ሲድኒ፣ ሆኖሉሉ እያለ ይጠራል። አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ለእያንዳንዱ «በሰላም ያግባው» እያሉ ይሸኛሉ።

«የእኛስ የታለ?» አሉ በመጨረሻ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2015 በደብሊን በኩል እዚህ መብረር ጀምሮ እንደነበር፣ በኋላ ግን እንደቀረ ነገርኳቸው። «አይ፣ ጫጫታውን አይተው ነው» ብለው ደመደሙ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ፣ የከተማው ሰው እንዲተኛ ሲባል፣ የሚያርፉትም በባሕሩ በኩል እንዲመጡ ይደረጋል። የከተማው ሰው ይተኛል። እኛን ማን ከሰው ቆጥሮን!

ጠዋት ላይ አማቴን ይዤ ለእግር ጉዞ ወጣሁ። ከመንገዱ ወዲያ፣ ከአጥሩ ውስጥ፣ ቤት የሌለው ሰፈር አለ፤ አስፋልቱ አለ፣ የመንገዱ ጠርዝ አለ፣ እዚህም እዚያም ዘንባባ ቆሟል። ሰርፍሪጅ ይባል ነበር። ጄት አውሮፕላን መጥቶ ጆሮ ሲያደነቁር፣ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ከተማው ስምንት መቶ ገደማ ቤቶችን ገዝቶ አስነሣ። ዛሬ ያ አሸዋ፣ ኤል ሴጉንዶ ብሉ የምትባል፣ በ1976 ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ የገባች ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ቢራቢሮ መጠለያ ነው።

አማቴ አጥሩን ይዘው ቆሙ። «የልማት ተነሺዎች ናቸው በለኛ።»

«ካሳ ተከፍሏቸዋል እማማ።»

«ካሳማ ለእኛም ሰፈር ተከፍሏል። ግን በምትኩ ፎቅ ነው የቆመበት። ለቢራቢሮ ሰው ሲነሣ ዛሬ ገና አየሁ።» ትንሽ አሰቡና «ቢራቢሮዋስ ጫጫታውን እንዴት ቻለችው?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?

ስንመለስ መብራት የለም። የሚስቴ ወንድም ተቃጥለናል እያለ ይሮጣል። ነገሩ ቀላል ነው፤ አርቪው የሚስበው 30 አምፔር ነው፣ በ120 ቮልት 3600 ዋት መሆኑ ነው። ለአማቴ ብርድ የተገዛችው ማሞቂያ 1500 ዋት ትበላለች፣ የውሃ ማሞቂያው ወደ 1400። ባለቤቴ ደግሞ ከቬጋስ ድረስ ሊጥ ጭና መጥታ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ሰካች። ብሬከሩ መውደቅ ነበረበት፣ ወደቀ። እንጀራው ከላይ ዓይን አውጥቶ ከታች እንደ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ በፈረቃ ሆነ፦ ወይ እንጀራ፣ ወይ ሙቀት። አማቴ ፈረቃውን ለምደውት ስለመጡ ምንም አልመሰላቸውም።

ቡናውን ግን በፈረቃ አናፈላም አሉ። ንፋስ ነው ብለው ውስጥ ቆሉት። ጭሱ ገና ጣሪያው ሳይደርስ አላርሙ ጮኸ፣ ዕጣኑ ሲጨመር ባሰበት። ልጄ በትሪ እያራገበ፣ ባለቤቴ መስኮት እየከፈተች፣ አማቴ «ዝም በሉት፣ ይወጣለታል» እያሉ አቦሉ ተቀዳ።

ከጎናችን የሰፈሩት ጡረተኛ አሜሪካዊ እሳት የተነሣ መስሏቸው ማጥፊያ ይዘው መጡ። ስኒ ተሰጣቸው። ተቀመጡ። ቶናው ላይ አፍንጫቸውን ነካ አደረጉና ስለ አንድ ሌላ ሽታ በትሕትና ጠየቁ። እኛም ሸትቶናል፤ የሚስቴ ወንድም ግን ከመጣን ጀምሮ ወደ ሃይፐርየን እየጠቆመ «ከተማው ነው» ሲለን ነበር። ሽማግሌው ከመኪናችን ጎን ጎንበስ ብለው ቱቦውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አርቪ ሁለት የፍሳሽ ታንክ አለው፤ አንዱ የመጸዳጃው፣ ሌላው የማጠቢያው። የመጸዳጃው መክፈቻ ተዘግቶ ይቆያል፣ ታንኩ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ የማጠቢያው ውሃ ኋላ ተለቆ ቱቦውን ያጥባል። ክፍቱን ከተተወ ፈሳሹ እየሾለከ ይሄድና ደረቁ ውስጥ ይቆለላል። የሚስቴ ወንድም ሁለቱንም ከፍቶ ትቷቸው ነበር፤ «እንዳይጠራቀም ብዬ ነው» አለ። የተጠራቀመውን ለማስወጣት ሲታገል ባሕሩን ዞር ብሎ አላየውም። አማቴ በረካውን ይዘውለት ሄደው ከሩቅ አስቀምጠውለት ተመለሱ።

ፌርፋክስ ጎዳና፣ በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ስም ወዳገኘው ሠፈር፣ በዚያው መኪና ሄድን። ሰው መኪናውን አርቪ ፓርክ ይተክልና በሌላ ትንሽ መኪና ይዘዋወራል፤ የእኛ ሒሳብ ላይ ትንሽ መኪና አልነበረም። ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ስንመላለስ ለእኛ የሚሆን ማቆሚያ አልተገኘም። ባለቤቴ ቀይ መብራት ላይ ወርዳ ክትፎ አዘዘች፣ በሚቀጥለው ዙር ተቀበለችው። አማቴ በመስኮት የአማርኛ ጽሑፍ እያነበቡ አለፉ፣ እንደገናም አነበቡ፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ከጣሪያችን ላይ የሆነ ክዳን ይዞ ቀረ።

ቬጋስ ተመልሰን አርቪውን ስናስረክብ አከራዩ ውስጡን ዞሮ ደረሰኝ ጻፈ። የክዳኑ ዋጋ አለ። ከሥሩ ደግሞ «ምንነቱ ያልታወቀ ሽታ ማጽጃ» የሚል ሌላ ሒሳብ። ልጄ ለአማቴ ተረጎመላቸው።

«ያልታወቀ?» አሉ ቆጣ ብለው። «የአክሱም ዕጣን ነው በለው እንጂ!»

የሚስቴ ወንድም ወደ ጣሪያው ያይ ነበር። አከራዩን የትኛውን ሽታ ማለቱ እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ።