«የልጅ ነገር» ላላችሁት

«ጢም አውጥቶ ስለ ሱፐርማን የሚያወራ ሰው!» ትላላችሁ። ጢም ያላወጣ ልጅማ ሱፐርማን መጀመሪያ የወጣበትን የ1938ቱን «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በምኑ ይገዛዋል? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ያን ጊዜ 10 ሳንቲም የተከፈለበት መጽሔት በ2024 በጨረታ በ6 ሚሊዮን ዶላር ሄዷል።

«በቃ ገንዘብ ነዋ!» አይደለም። ገንዘቡ ኋላ የመጣ ነው። ከዚያ መጽሔት 200 ሺህ ያህል ቅጂ ታትሞ ነበር፤ ዛሬ መኖሩ የሚታወቀው መቶ ገደማ ነው። የቀረው የት ገባ? እናት ቤት ስታጸዳ ጣለችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ለጦሩ ይሰብሰብ ሲባል ተጭኖ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተከምሮ ተቃጠለ፤ እሳቱ ዙሪያ የቆሙት ልጆች ናቸው፣ ያሰለፏቸው ትልልቅ ሰዎች። በ1954 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርታም ኮሚክ ልጅ ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ አሳታሚዎቹን ጠርቶ አፋጠጣቸው፤ እነሱም ፈርተው በዚያው ዓመት ራሳቸውን በራሳቸው ሳንሱር የሚያደርጉበት ደንብ አጸደቁ። እንግዲህ ፍረዱ፦ ዕብዱ ያቃጠለው ነው ወይስ አልጋ ሥር ደብቆ ያተረፈው?

«ሥዕልና ጽሑፍ ተቀላቅሎ ለልጅ እንጂ ለአዋቂ አይሆንም» ያልከኝ ወንድሜ፣ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አስገብቶ ጨርቅ ላይ ያወረደው የአገርህ ሠዓሊ ለልጅ ነበር የሚሥለው? ሳሎንህ ስትሰቅለው ዕድሜህን የጠየቀህ የለም።

ወደ አጠባበቁ ልምጣ። ኮሎራዶ ውስጥ ኤድጋር ቸርች የሚባል የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ ኮሚክ እየገዛ ቤቱ ውስጥ ደረደረ። በ1977 ቤተሰቡ ቤቱን ሲያስለቅቅ ቸክ ሮዛንስኪ የተባለ ነጋዴ ደረሰበትና ከ18 ሺህ በላይ መጽሔት አነሳ። የኮሎራዶ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ክምሩም ተጠቅጥቆ ስለነበር ንፋስም ብርሃንም አላገኘውም። ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የሚመጣ አሲድ ስላለበት በራሱ ጊዜ ይቢጫል፣ ይከስላል፣ በመጨረሻም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። የቸርች ግን ነጭ እንደሆነ ተገኘ። ዛሬ ሰብሳቢው አሲድ የሌለው ካርቶንና ማይላር የሚባለውን ጥርት ያለ ፕላስቲክ የሚገዛው ለቅንጦት አይደለም፤ ወረቀቱ ራሱን እየበላ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

«9.4 እና 9.6 ብላችሁ ትከራከራላችሁ፤ ፈተና ነው እንዴ?» አዎ፣ ፈተና ነው፤ የሚፈተነው ሻጩ ነው። ከ2000 ወዲህ ሲጂሲ የሚባል ድርጅት መጽሔቱን መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጓል ወይ? ሽፋኑ በታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል ወይ? ጠርዙን ቀጥ ለማስመሰል በምላጭ የከረከመው አለ ወይ? የተላጠውን ጥቁር በማርከር የነካካውስ? ይህ ሁሉ በሌለበት ዘመን ገዢ በወሬ ይገዛ፣ በወሬ ይበላ ነበር። የማልወደው ግን አለኝ፣ እናገረዋለሁ። ነጥቡ ከተሰጠ በኋላ መጽሔቱ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይገልጠውም። ሽፋኑን እያየ ውስጡን ሳያነብ የሚሸጥ፣ የሚገዛ፣ እንደገና የሚሸጥ ትውልድ ተፈጥሯል። ሠዓሊው ያን ሁሉ ገጽ የደከመው ለሽፋን አልነበረም።

«ወርቅ ዘመን፣ ብር ዘመን፣ ነሐስ ዘመን… የምን ወርቅ ቤት ነው?» የዘመን ክፍያ ነው እንጂ። ከ1938 ሱፐርማን የሚነሳው ወርቅ፣ በ1956 «ሾውኬዝ» ቁጥር 4 ላይ ፍላሽ የሚባለው ጀግና ታድሶ ሲመጣ የሚጀምረው ብር፣ ከ1970 አካባቢ ወዲህ ያለው ነሐስ። ይህን ሳያውቅ ገበያ የወጣ ይከስራል።

«እኔም እኮ የድሮ ኮሚክ አለኝ፤ ሀብታም ነኝ ማለት ነው?» ያልሽኝ እህቴ፣ የ1991ዱ «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ከሆነ አይደለሽም። ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ወጣ፤ ያውም በአምስት ዓይነት ሽፋን። የገዛው ሁሉ «ልጄን አስተምርበታለሁ» ብሎ በፕላስቲክ ጠቀለለው። ያልተጣለ ነገር ውድ አይሆንም። ያ ግርግር ሲበርድ ሱቆች ተዘጉ፤ አሳታሚው ማርቭልም በ1996 መጨረሻ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ግን ወድደሽ ካነበብሽው አልከሰርሽም፣ አስቀምጪው።

አሁን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ላይ ደረስን። «ኦሪጅናል ሥዕሉን ምን ያደርግላችኋል? ቀለም የለው፣ እርማት የበዛበት፤ ታትሞ የወጣው ይሻላል» ይላሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! ኦሪጅናሉ እኮ ሠዓሊው እጁን ያሳረፈበት ወረቀት ነው። ከመጽሔቱ ገጽ በጣም ይሰፋል፤ እስከ 1967 አካባቢ ሠዓሊዎቹ የሚሥሉት በእጥፍ ስፋት ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ አሳንሶ ያነሳዋል። ወደ ብርሃን አስጠግታችሁ እዩት። ከጥቁሩ ቀለም ሥር ያልጠፋ እርሳስ ይታያል። የተሳሳተ አፍንጫ በነጭ ቀለም ተሸፍኖ ከላዩ ሌላ አፍንጫ ወጥቶበታል፤ ጣት ቢነካው ጎበጥ ይላል። የተለወጠ ንግግር በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል፣ ማጣበቂያውም ዳር ዳሩን ቢጫ አድርጎታል።

ኅዳጉ ደግሞ ምስክር ነው። ሠዓሊው ጃክ ከርቢ በ1960ዎቹ ለማርቭል ሲሥል በየገጹ ዳርቻ ላይ ታሪኩን በእርሳስ ይጽፍ ነበር፦ ይሄ እንዲህ አደረገ፣ ያኛው እንዲህ መለሰ እያለ። የማርቭሉ ጸሐፊ ስታን ሊ ንግግሩን የሚሞላው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። መጽሔቱ ሲታተም ዳርቻው ተቆርጦ ይቀራል፤ ደራሲ ተብሎ የሚጠራው ሊ ይሆናል። ኦሪጅናሎቹ ባይተርፉ ኖሮ ታሪኩን ማን ፈጠረው ለሚለው ክርክር ማስረጃው አብሮ ይጠፋ ነበር። «እርማት የበዛበት» ያላችሁት ይህን ነው።

ለከርቢ ገጾቹን መልሱለት ሲባልም ኩባንያው በ1980ዎቹ ለሌላው ሠዓሊ ያላቀረበውን ረጅም ውል አቀረበለት። አልፈርምም አለ፤ የሙያ ጓደኞቹ ከጎኑ ቆሙ። በ1987 ሲመለስለት ያገኘው 2,000 ገጽ ገደማ ነው፤ የሣለው ከ10 ሺህ በላይ ይገመታል። የቀረው በስጦታም በስርቆትም ገበያ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ገጽ የምትገዙ ሰዎች ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ከማን እጅ እንደወጣ ጠይቁ። ሻጩ ከተንተባተበ ተዉት፤ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት!

ከከርቢም በፊት፣ ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ለመብቱ ያገኙት 130 ዶላር ነው። የ1938ቱ ቼክ ዛሬም አለ፤ ጠቅላላው 412 ዶላር ነው፣ ከዝርዝሩ አንዱ መስመር የሱፐርማን ነው። የሁለቱ ስም ተሳስቶ ስለተጻፈ ከጀርባው ደግመው መፈረም ነበረባቸው። ያ ቼክ በ2012 በጨረታ 160 ሺህ ዶላር አወጣ። የተከፈለበት ወረቀት ከተከፈላቸው ሰዎች በላይ ተከበረ፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ያመኛል።

«ቤቱን መጋዘን ያደረገ ሰው ጤነኛ ነው?» ለምትሉኝ ቢል ብላክቤርድን እጠራባችኋለሁ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጦቻቸውን በማይክሮፊልም እያነሱ ጥራዙን ያስወግዱ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የእሑዱ ባለቀለም ኮሚክ እዚያ ላይ አመድ መስሎ ይቀራል። ብላክቤርድ ጥራዞቹን ለመረከብ እንዲያመቸው በ1968 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ቤቱን እስከ ጣሪያ ሞላው፤ ተቀምጦ እየቆረጠ በየርዕሱና በየዓመቱ አደራጀው። በ1998 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲረከበው ክብደቱ 75 ቶን ነበር፤ የተጓዘው በስድስት ትላልቅ የጭነት መኪና ነው። የዛሬ ተመራማሪ የመቶ ዓመት ኮሚክ በቀለሙ የሚያየው «ጤነኛ ያልሆነው» ሰው ባተረፈው ነው።

«ይሁን፣ ግን ሀብታም በካዝናው ቆልፎበት ለእኔ ምን ይረባኛል?» ይህቺ ጥያቄ ቁም ነገር አላት፤ መልስም አላት። በ1962 ስፓይደርማን የተወለደባት «አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15 አለች። ስቲቭ ዲትኮ የሣላቸውን 24 ኦሪጅናል ገጾቿን በ2008 አንድ ሰው ስሜ አይጠራ ብሎ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ሰጠ። የታተመው መጽሔት አንዱ ቅጂ ብቻ በ2021 በ3.6 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን አስቡትና፣ ሰውዬው ምን ያህል ገንዘብ እንደተወ ገምቱ። ቤተ መጻሕፍቱ ዋሽንግተን ነው። ከእናንተ ከተራቢዎቹ ስንቱ እዚያው ከተማ፣ ስንቱ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ የአንባቢ መታወቂያው በነጻ ነው፣ ቀጠሮ አስይዙና ሄዳችሁ ገጾቹን እዩ። ተረቡ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።