አቅሟን ያላወቀችው እናት

ሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርት እየቸረቸረች ልጇን የግል ትምህርት ቤት ያስገባችውን ሴት ጎረቤቱም ዕድርተኛውም ተባብሮ ሲወቅሳት፣ እኔም ከወቃሾቹ ጎን መሰለፌን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ምን ሆና ነው? የማሾ ነጋዴው ቢያደርገው ያምርበታል። የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ቢያደርገው ለልጁ አስቦ ነው። እሷ ስታደርገው ግን «ከማን አንሼ» ነው። ሽንኩርት ሲረክስ የተርሙን ክፍያ ከዕቁቧ ትሞላለች አሉ። ድፍረት!

«እኛ ዛፍ ሥር ተምረን ሰው ሆነናል» ይሏታል። እውነት ነው። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን በአዋጅ ከወረሰ በኋላ የባለሱቁም የቀን ሠራተኛውም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተጋፍቶ ተምሯል። ይህን ዘመን እንባ እያቀረሩ የሚያወሩልን ሰዎች ልጆች ዛሬ ጠዋት ጠዋት በኮንትራት ባጃጅ ወደ ግሉ ይሄዳሉ፤ ሻል ያላቸው ደግሞ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ አክስት ቤት ናቸው። ትዝታውንማ ለእሷ ልጅ ትተውላታል።

«ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ስብሰባ ሲጠራም ከፊት የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ጣራው ይታደስ፣ ዴስክ ይገዛ ሲባል አጨብጭበው ያዋጣሉ። ታዲያ በገዛ መዋጮ በተገዛ ዴስክ ላይ የገዛ ልጅን ማስቀመጥ የጥቅም ግጭት አይሆንም? ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ነው ጉራ የሚባለው? የመንግሥት መምህሩም ቢሆን የሰው ልጅ ሊያስተምር ሲሄድ የራሱን ልጅ የግሉ በር ላይ አድርሶ ያልፋል። ወጥ ሠሪው ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ ከመጣ፣ ተመጋቢ ሆኖ መጠየቅ ነውር ነው።

ውጤቱስ ምን ይወጣለታል? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ፤ ከመቶ 3.2 መሆኑ ነው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ማንም ከማንም ያልበለጠበት፣ እንዲህ ያለ እኩልነት የት ይገኛል? (ከመካከላቸው የግል አልነበረም አላልኩም።) ሌላው ሰው ቁጥሩን ሰምቶ «ጊዜው ነው» ብሎ ሲያልፍ፣ እሷ ሒሳብ መሥራት ጀመረች። ሽንኩርት ስትመዝን የኖረች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ታውቃለች?

በግል ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ መሳቅማ ለእኔም ደስ ይለኛል። በዚያ የቆላ ሐሩር አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሹራብ ደርባ፣ ክራባት አስራ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ትላለች። ኬጂ ስትጨርስ ጋዋን ተከራይተው ያስመርቋታል። በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ የሚቀጣባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ እናት ከፍላ የራሷን አፍ ታስነቅፋለች። እዚህ ላይ ወቃሾቹ እውነት አላቸው፤ ምን ያደርጋል፣ የራሳቸውም ልጆች እዚያው እየተቀጡ ነው።

በክልላችን በአማርኛ ትምህርት የጀመረ ልጅ ከፍ ያለ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ለዚያ ቀን ከወዲሁ መዘጋጀት ግን ችኩልነት ነው። ጨዋ የድሃ ልጅ ሲደርስበት ይደነግጣል፤ ከደነገጠ በኋላ ደግሞ «እንግሊዝኛ የማይችል ትውልድ» እየተባለ ይዘለፋል። ዘላፊም ሥራ ይፈልጋላ።

ስለዚህ ጥፋተኛዋ ትመከር። ምክሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ይሁን፤ መካሪዎቹም ተማሪ በሚቀመጥበት ዴስክ ላይ፣ ስንት ለአንድ እንደሆነ እንጃ፣ ተጠጋግተው ይቀመጡ። የመጀመሪያው አጀንዳ ስም መጥራት ይሁን፤ የክፍሉ መዝገብ ይውጣና የተሰብሳቢዎቹ ልጆች በተራ ይጠሩ። ሴትየዋ ብትቀር ቅር አይበላችሁ፤ የገበያ ቀን ነው፣ ተርሙም ደርሷል።