ለማይታይ መንጋጋ

መንጋጋዬን የሰበርኩት በጠርሙስ ቆርኪ ነው። መክፈቻው አጠገቤ ነበር፤ ግን ሰው እያየ በመክፈቻ መክፈት ምን ጀግንነት አለው? ለሐኪሙ «ቆሎ ነው፣ ዶክተር» አልኳቸው። በገብስ ማላከክ ጥሩ ነው፤ ቀርቦ አይከራከርም።

የጥርሱ ሥር ታከመና ክራውን የሚሉት የጥርስ ሽፋን ያስፈልገዋል ተባለ። ሐኪሙ ሁለት ናሙና አወጡ። አንደኛው ውስጡ ብረት፣ ላዩ ፖርስሊን፤ ዋጋው ቀለል ያለ፣ ከ50 ዓመት በላይ የተፈተነ። ሁለተኛው ብረት የሌለበት፣ ወጥ ዚርኮኒያ።

«ለመንጋጋ ሁለቱም ይሆናሉ» አሉ። «ብረት ባለው ላይ ፖርስሊኑ አንዳንዴ ይሸረፋል። ድድ ሲሸሽ ደግሞ ከሥሩ ግራጫ መስመር ብቅ ሊል ይችላል።»

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «ግራጫ መስመር» ብቻ ነው። ስለ ጥንካሬው አልጠየቅኩም። በብረቱ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ኒኬል የማይስማማው ሰው እንዳለም ነግረውኝ ነበር፤ አላዳመጥኩም።

«ስስቅ ይታያል?»

«እስቲ ሳቅ።» ሳቅኩ። «አይታይም።»

«ከልቤ ስስቅስ?»

መስታወት ሰጡኝ። አፌን እንደ ጉማሬ ከፈትኩ። እንጥሌ ታየ፤ መንጋጋው ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጣቴን ከትቼ ጉንጬን ስጎትተው ብቅ አለ። «አዩት!» አልኩ፣ ጣቴን ሳላወጣ።

«እንግዲህ እንዲህ አድርገህ የምትስቅ ከሆነ…» ብለው ተዉት።

ዚርኮኒያ ሆነ።

ቀለም መምረጥ ደግሞ አለ። 16 ጥርስ የተደረደረበት ማመሳከሪያ አምጥተው ከአፌ ጋር እያስተያዩ «ኤ 3.5» አሉ። ሦስት ተኩል! የቡናና የሻይ ዘመኔ በቁጥር ተነገረኝ። የእኔ ዓይን ያረፈው ከሁሉም በሚያበራው ቢ 1 ላይ ነበር።

«ከጎረቤቶቹ ጋር አይሄድም» አሉ።

«እነሱን በኋላ አስነጣቸዋለሁ።»

«ማስነጣት ካሰብክ ቀድመህ ነው። መጀመሪያ ሌሎቹ ይነጡና ክራውኑ በእነሱ ልክ ይሠራል፤ አንዴ ከተሠራ ቀለሙ አይለወጥም።»

በጥሞና ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ቢ 1 አዘዝኩ። ጎረቤቶቹ ዛሬም ኤ 3.5 ናቸው።

ክራውኑ ጎበዝ ነው፤ አጥንት ሳይቀር ያደቃል። ችግሩ፣ ያን ሁሉ ብር አውጥቼ አንድ ሰው እንኳ አላየልኝም። ስለዚህ አሁን ሰው ሲያወራኝ አንገቴን ወደ ግራ ጣል አድርጌ፣ በማያስቀውም እስቃለሁ። ለቅሶ ቤት ትንሽ ቀነስ አደርጋለሁ።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ እህቴ ስታየኝ ቆየችና «ወንድምዬ፣ አንገትህን ምን ነካው? ወጌሻ ልጥራልህ?» አለችኝ።

«ትራሱ ነው» አልኳት።