በሞቴ የማይባልበት ማዕድ

የእኛ የቦረና ሰው ለለቅሶ፣ ለዝክርና ለሠርግ ይሄዳል እንጂ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሰው መርቶት፣ ምግብ ለመቅመስ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል ቢባል ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር የሚያምን አይገኝም፤ እኔም ሮም የሚኖረው የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ለርስዎ ስጦታ ገዝቻለሁ» ብሎ በእግር የሚደረግ የምግብ ጉብኝት ትኬት እስኪሰጠኝ ድረስ ካላመኑት ወገን ነበርሁ። ምቹ ጫማ ማድረግ እንደሚገባ፣ መንገዱም ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ተጽፎበት ባየሁ ጊዜ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ ጉልበቴ ውስጥ ውስጡን ሳቀ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበረ፤ የሮም ሰዎች በቆየ ልማዳቸው ዓርብ ዓሣ፣ ቅዳሜ ጨጓራ ይበላሉና፣ ከዓርብ ጾም ለወጣሁት ለኔም ተስማማ። መሪያችን ወጣት ሴት ቀይ ጃንጥላ ወደ ላይ አንሥታ ስትቀድም፣ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ዝግ ብለን ስንከተላት፣ ታቦት የወጣ መስሎኝ ነጠላ ሳላጣፋ በመምጣቴ አፈርሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቤ «መሪጌታ» ብዬ ሰየምኋት፤ ስሙም አልበዛባትም፤ ንባቡ አንድ ጉርሻ ሆኖ ሳለ ትርጓሜው ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበርና። አይብ ተሸጉጦበት የተጠበሰውን የሩዝ ድቡልቡል፣ ሱፕሊ የሚሉትን፣ ለሁለት ስትከፍለው አይቡ እንደ ስልክ ሽቦ ተሳበ፤ ስለዚህም «የስልክ» እንደሚባል እያተተች ሳለ ሽቦው ቀዘቀዘ።

የምንዞርበት ሰፈር ቴስታቾ ይባላል፤ በዚያ ያለው 35 ሜትር ያህል የሚደርስ ኮረብታ ከጥንት ሮማውያን የዘይት እንስራ ስባሪ የተከመረ ነው። (እናቴ አንድ እንስራ የሰበረች ዕለት ሳምንት ሙሉ ተወርቶባታል።) ከኮረብታው አጠገብ በፈረንጆች 1975 ዓ.ም. የተዘጋው ትልቁ ቄራ አለ። የከብቱ አራት ሩብ ለመኳንንቱ፣ ለካህናቱ፣ ለነጋዴውና ለወታደሩ ሲከፋፈል፣ ለአራጁ የተረፈው ጨጓራው፣ ምላሱና ጅራቱ «አምስተኛው ሩብ» ተባለ ብለው ይተርካሉ። በአያቶቻችን ግብር ላይ ሻኛው ለማን እንደሚደርስ ብልት አዋቂ ሳይናገር ቢላዋ እንደማይነሣ ባስታወስሁ ጊዜ፣ ሮምና ቦረና የሥጋ ዘመዳሞች መሰሉኝ።

መከራዬ የመጣው ከሳሕኑ ጋር ነው። መጀመሪያ ሲቀርብልኝ፣ ጨዋ ልጅ እንደሚያደርገው፣ «ይብቃኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁ» አልሁ፤ ይህም በአገራችን ሥርዓተ ማዕድ መቅድም ነው እንጂ እምቢታ አይደለም፤ ባለቤቲቱ «በሞቴ» ትላለች፣ እንግዳው «ኧረ አይሆንም» ይላል፣ እርስዋ «አፈር ስሆን» ትላለች፣ ያን ጊዜ እንግዳው እንደ ተሸነፈ ሰው እጁን ይዘረጋል። መሪጌታችን ግን ፈገግ ብላ ሳሕኑን ከጎኔ ላሉት ባልና ሚስት አሳለፈችው። በሁለተኛውም ቤት እንዲሁ ሆነ። ሆዴ ሲጮኽ የሰማው የእኅቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እዚህ አገር እምቢ ካሉ እምቢ ነው» አለኝ።

በሦስተኛው ቤት ጨጓራው በቲማቲም ወጥ ርሶ፣ የበግ አይብ ተነስንሶበት ሲመጣ፣ የሰባት ቤት ጨዋነቴን ትቼ ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ከመጠን በላይ በስሏል፤ ሚጥሚጣም አያውቅም፤ ነገር ግን ጠርጌ በላሁት።

መዝጊያው ቡና ነበረ። «ማኪያቶ» ማለት ጠብታ የነካው ማለት እንደ ሆነ፣ ማኪያቶ ከጠዋት እስከ ማታ በሚጠጣበት አገር ለተወለድሁት ለኔ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሁሉም ባንኮኒው ላይ ቆመው፣ ፖሊስ እንደሚያሳድደው ሰው በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ወጡ፤ እኔ ቶናውንና በረካውን ስጠብቅ አሳላፊው ሲኒዬን አንሥቶ አጠበው።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ሄድሁ። ገና ድፎውን ቆርሳ ስትዘረጋልኝ ከእጅዋ ቀበል አድርጌ ጎረስሁት፤ «በሞቴ» ልትል የከፈተችው አፍዋ ግን እንደ ተከፈተ ቀረ።