እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ

ልጆቼ ጨዋ ናቸው፤ ችግሬም ይኸው ጨዋነታቸው ነው። ሚኒሶታ ከመጣሁ ወዲህ ውሃ ልቀዳ ስነሣ «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ»፣ ሽንኩርት ልልጥ ቢላ ሳነሣ «እማዬ፣ አረፍ በይ»። አማርኛ እምቢ ያለው የልጅ ልጄ እንኳ «ቁጭ በይ»ን አጥርቶ ይላታል። ሐምሌና ነሐሴን ጎመኔን ልኮትኩት እያልኩ ወደ ጓሮ እሸሻቸዋለሁ። ኅዳር ሲገባ ግን በረዶው ከእነሱ ጋር ያብርብኛል።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። 45 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለ አገር በዚህ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጥግ እንደምታልፍ ለስንቱ ተማሪ በጠመኔ ስዬ አሳይቻለሁ፤ በአፍንጫዬ የተማርኩት ግን እዚህ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ግድም ሚኒያፖሊስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጠልቃለች። እንዲህ አርፍዳ ገብታ ቀድማ የምትወጣ ሠራተኛ እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት ደመወዟ ይቆረጥ ነበር። በዚያ ላይ ጨረሯ ደካማ ስለሆነ ለቆዳ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም፤ ሐኪሜ በእንክብል አዘዘችልኝ። ከአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር መጥቼ ፀሐይን በውሃ እውጣለሁ!

ልጆቹ የሚፈሩት መውደቄን ነው፤ እሱስ እውነት አላቸው። አስፋልት መስሎ የሚያደባ ስስ በረዶ አለ፤ የስንቱን ዳሌ ሰብሯል። እዚህ አገር «እንደ ፔንግዊን ተራመዱ» ብለው ይመክራሉ፤ እርምጃን አሳጥሮ፣ ትንሽ ወደፊት ዘንበል ብሎ፣ እጅን ከኪስ አውጥቶ። በጥቁር ካፖርት ላይ ነጭ ነጠላ ደርቤ እንዲያ እያልኩ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ልጄ ሳቋን ለመያዝ መሐረብ ትፈልጋለች።

በረዶ መዛቁንም ትቼላቸዋለሁ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በረዶው ካባራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤት ፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ማጽዳት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ደንብ አክባሪ ነኝና አካፋውን ያዝኩ፤ አማቼ በነጠላ ጫማ ሮጦ ወጥቶ ነጠቀኝ። ብርዱ የደም ሥርን ያጠባል፣ ከባድ ነገር ማንሣት የደም ግፊትን ይሰቅላል፣ መሃል ላይ የምትጨነቀው ልብ ናት፤ በዚህ አልከራከርም። በመስኮት ሆኜ «ግራውን ረሳኸው» ከማለት ግን ማንም አልከለከለኝም።

የማልቀበለው «ስለዚህ ቁጭ በይ» የምትለውን ነው። ቁጭ ያለ ጉልበት ይተሳሰራል፤ ቀን ሶፋ ላይ ያንቀላፋ ሰው ሌሊት ጣሪያ ሲቆጥር ያድራል። ከቴሌቪዥን ጋር ብቻ የሚውል ሰው ደግሞ ቆይቶ ለቴሌቪዥን መልስ መስጠት ይጀምራል። እኔ ጀምሬ ነበር።

መላው የተገኘው ብሉሚንግተን ከተማ ነው። ሞል ኦፍ አሜሪካ የተባለው የገበያ አዳራሽ ሱቆቹ ሳይከፈቱ በፊት ለሚራመድ ሰው በሩን ይከፍታል። የአንዱ ፎቅ ዙሪያ ወደ 900 ሜትር ነው፤ ሦስቱን ፎቅ የዞረ ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሆኖ ውስጡ 21 ዲግሪ ገደማ ነው። ከመግቢያዎቹ በስተቀር አዳራሹን የሚያሞቀው በአብዛኛው በጣሪያው መስታወት የሚገባው ፀሐይ፣ መብራቱና የሰው ገላ ነው አሉ። የሰው ገላ! ልጄ «የት ውለሽ ነው?» ስትለኝ «ሥራ ላይ፤ ሞሉን ሳሞቅ» እላታለሁ።

ሞሉ በ1992 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቀድሞ የቤዝቦል ስታዲየም በነበረበት ቦታ ላይ ነው። አሁንም ግድግዳው ላይ፣ ከሰው ቁመት እጅግ ከፍ ብሎ፣ አንድ ቀይ ወንበር ተሰቅሏል። ሃርመን ኪልብሩ የተባለ ተጫዋች በ1967 የመታት ኳስ 520 ጫማ፣ ማለትም ወደ 158 ሜትር፣ በርራ የደረሰችበትን ስፍራ ያመለክታል። ስለ ቤዝቦል የማውቀው የለም። ወንበሩን ግን ሳልፍ እጅ እነሣዋለሁ፤ እዚህ አገር «እማማ፣ ይቀመጡ» ያልተባልኩበት ወንበር እሱ ብቻ ነው።

የምንዞረው ብዙ ነን፤ ጡረተኛ ነርስ አለች፣ የቀድሞ መቶ አለቃ አሉ፣ ሌሎችም። መቶ አለቃው እርምጃችንን ሊያስተካክሉ ይሞክራሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ቡና በፔርሙዝ ተራ በተራ እናመጣለን። አንዳንዱ በስልኩ እርምጃውን እየቆጠረ ይበረታታል፤ እኔን ከብርድ ልብሱ ውስጥ የሚያስነሣኝ ግን ሐሜት ነው። የቀረ ሰው ይታማል። አንዷ ጉንፋን ይዟት የቀረች ለታ በምራቷ ጉዳይ አንድ ፎቅ ሙሉ ዞርንባት። ይህን ከሰማች ወዲህ እያስነጠሰችም ትመጣለች። ሐኪም ሲለምነን የኖረውን ትጋት ሐሜት በአንድ ጠዋት አስገኘው።

ባለፈው ጥር ብርዱ ከፍቶ ትምህርት ቤት ሳይቀር ተዘጋ። ልጄ «ዛሬስ ማንም አይመጣም» አለችኝ። ሄድኩ፤ ሁላቸውም አሉ፣ መቶ አለቃው ከነጋቢያቸው። የቀረ ባለመኖሩ የሚታማ ጠፋና የመጀመሪያውን ፎቅ እንደ ኀዘንተኛ ዝም ብለን ዞርን። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ነርሷ «ልጄ ትናንት ምን አለኝ መሰላችሁ? ቁጭ በይ!» አለች። የሁላችንም አፍ ተከፈተ። ሦስተኛውን ፎቅ ጨርሰን፣ ሱቆቹ ተከፍተው ገበያተኛው ሲገባ፣ የእኔ ልጅ ተራ ገና አልደረሰም ነበር።