ለቅሶ ያልተቀመጠው ጀግና

በሰፈራችን ጌም ቤት ሒሳብ የሚከፈለው በጨዋታ ነው። ኳስ ትገጥማለህ፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ከኋላህ የቆመው ጎረምሳ ሁሉ «በቃህ፣ ተነሣ!» ይልሃል። እንዲህ ባለ ቤት ባለ ታሪክ ጌም ልጫወት ማለት ታክሲ ውስጥ ቡና ልቁላ እንደማለት ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ከአንድ ከረጢት ዲስክ ጋር ቢያመጣልኝ፣ በአርባ ዓመቴ ዳግም ተወለድኩ። ችግሩ ቴሌቪዥናችን አንድ መሆኑ ነው፤ እሱም የእማዬ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። ከዜና በኋላ እንድጫወት ተፈቀደልኝ። እሷ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ሰው እገድላለሁ።

እማዬ ጆይስቲክ ነክታ አታውቅም። ሆኖም ከዚህ በታች ያለው ሒስ አብዛኛው የእሷ ነው፤ የእኔ ድርሻ አውራ ጣቴ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የከፈትነው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ጎድ ኦፍ ዎር ነው። ክሬቶስ የሚባለው ስፓርታዊ በቀደሙት ጌሞች የግሪክን አማልክት አንድ በአንድ ፈጅቷል፤ አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦዲንና ቶር አገር ተሰዶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ልጅ ወልዶ ይኖራል። ጌሙ ሲጀምር ዛፍ ይቆርጣል።

«ምን ሊያደርገው ነው?» አለች እማዬ።

«ሚስቱ ሞታበት ነው።»

«ውይ! ሳጥን ሊያሠራላት?»

«አይ፣ ሊያቃጥላት።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። ኑዛዜዋ እንደሆነ፣ አመዷን ከተራሮች ሁሉ በሚበልጠው ተራራ ጫፍ ላይ እንዲበትኑላት አደራ እንዳለች ባስረዳም አልሰማችኝም። ክሬቶስ ደግሞ እሳቱ ሳይበርድ ልጁን ይዞ አጋዘን አደን ወጣ። «ሦስት ቀን እንኳ አይቀመጥም? ዕድር የለውም? ድንኳን የሚጥልለት ጎረቤት የለውም?» ጎረቤት እንደሌለው ስነግራት «ታዲያ ምኑን ጀግና ሆነ?» አለች። ከአደን ተመልሰው ገና ቤት ሲገቡ በሩ ተንኳኳ። የእማዬ ፊት በራ። «እሰይ! ለቅሶ ደራሽ መጣ፤ ክፈትለት!» ከፈትኩ። ንቅሳታም ቀጭን ሰውዬ ቆሟል። ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጡና ክሬቶስን በቡጢ ወደ ጣሪያው አስወነጨፈው። «ለሰው ሳይደርስ ቀርቶ ነዋ!» አለች እማዬ፣ ወደ ምስሯ እየተመለሰች።

ወርውረኸው በአንድ ቁልፍ ስትጠራው ወደ እጅህ የሚመለሰው መጥረቢያ፣ እውነት ለመናገር፣ ሱስ ያስይዛል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ክሬቶስ ልጁን አትሬየስን በስሙ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው፤ «ቦይ!» ነው የሚለው፣ «አንተ ልጅ!» እንደማለት። አጋዘኑ ከተገደለ በኋላ ልጁ ሲከፋው፣ አባትየው ከኋላው እጁን ይዘረጋል፤ ትከሻው ላይ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ይመልሰዋል። እማዬ ቀና ብላ «አባትህ ቁርጥ» አለች። እውነቷን ነው። ማትሪክ ያለፍኩ ቀን አባዬ ሊያቅፈኝ እጁን አነሣና ባርኔጣውን አስተካክሎ ወጣ። የዚያን ምሽት ሁለታችንም ብዙ አላወራንም።

ቀጥሎ አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስን አስገባሁ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 49፣ አገሩ የክሊዮፓትራ ግብፅ ነው። ባዬክ የሚባል የሲዋ ሰው የልጁን ገዳዮች፣ ጭምብል አጥላቂዎቹን፣ ይከታተላል። «ደመኛውን ቢፈልግ አይፈረድበትም» ብላ እማዬ ፈረደችለት። ግን ባዬክ ደሙን ሳይመልስ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ዕቃዬን አስመልስልኝ፣ ወንድሜን ፈልግልኝ» ሲለው እሺ ብሎ ይሄዳል። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚልከው» አለች፣ እኔን በጎን እያየች። ትልቁ ወንዝ ሲመጣ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዓባይ ነው አልኳት። «የእኛው?» «የእኛው!» ከጣና ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ እስከዚህ የደረሰ መሆኑን እየተረክሁ በኩራት ዘልዬ ገባሁ። በገዛ ውሃዬ አዞ በላኝ።

አንቻርትድ 4 ላይ ብዙ አልቆይም። ኔታን ድሬክ የጨበጠው ቋጥኝ ሁሉ እንደ ኮንዶሚኒየም ደረጃ መደገፊያ እጁ ላይ ይቀራል፤ እማዬ ሁለተኛው ገደል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጎስት ኦፍ ሱሺማ ግን ዓይን ያጠግባል። እ.ኤ.አ. በ1274 የሞንጎል ጦር በጃፓኗ የሱሺማ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ ጂን ሳካይ ከሞት ከተረፉት ጥቂት ሳሙራዮች አንዱ ነው። መንገድ የሚያሳይህ ቀስት የለም። ጣትህን ጆይስቲኩ ላይ ወደ ላይ ስታንሸራትት ነፋስ ተነሥቶ ወደምትሄድበት ይነፍሳል። «ከድልድዩ በታች፣ ከሰማያዊው በር ጎን፣ እዚያ ስትደርስ ሰው ጠይቅ» እየተባለ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ቅንጦት ነው። በመሀሉ ጂን አገሩ በእሳት እየነደደ ቁጭ ብሎ ግጥም ይገጥማል። «ቀረርቶ ነው?» አለች እማዬ። ስለ ቅጠል መሆኑን ነገርኳት። ምንም አልመለሰችም።

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 በሁለት ዲስክ ነው የሚመጣው፤ ሲጫን መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶብኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ከሁሉም እማዬ የወደደችው እሱን ነው። ምክንያቱም የሰላምታ ቁልፍ አለው! እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካ አርተር ሞርጋን የሚባለው ሽፍታ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ ሰላም ማለት ይችላል፤ ሰላም ባለ ቁጥርም ክብሩ ይጨምራል። «ይሄስ ያሳደጉት ልጅ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሰላም ሳልል ካለፍኩ ጨዋታውን ታስቆመኛለች። አንዴ ሰላም ብዬ ፈረሴ ላይ ልወጣ ስል፣ መውጫው ቁልፍና ሰው አንቆ መጣያው ቁልፍ አንድ ሆኖ አጠገቤ የቆመችን ሴትዮ አንገቷን ያዝኩ። ምስክር ወደ ሸሪፉ ሮጠ። እማዬ ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

የታረቅነው በፈረሱ ነው። ስም አውጣለት ሲለኝ «ዳማ በለው» አለች፤ ጌሙ ፊደላችንን ስለማያውቅ በላቲን ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ለእሷ አርተር የሚባል ሰው የለም፣ አባ ዳማ ነው። የሽፍቶቹ አለቃ ደች ግን ከመጀመሪያው ምሽት አልጣማትም። ሰፈራቸው ውስጥ ሁሉም ብር የሚያዋጣበት ሣጥን አለ፤ ደች ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ብር ብቻ እንደጎደለው ይናገራል። «ይሄ ሪዛም የዕቁብ ዳኛ ገንዘቡን ይዞ ነው የሚጠፋው» አለች። እኔ ይህን ለመረዳት ስልሳ ሰዓት ፈጀብኝ።

የመጨረሻው ሚሽን ላይ ዳማ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። አርተርም ብዙ አልቆየም። እሑድ ጠዋት ነበር፤ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ገብታ «አባ ዳማ እንዴት አደረ?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት፤ «ሰላም ብሎሻል።»